መልስ፦ የሠራሁት ጋላክሲ ለምን እውነተኛ ፎቶ አይመስልም?

ሰላም እህቴ። በጋልሲም (የጋላክሲ ምስል በኮምፒውተር አስመስሎ በሚሠራው ፕሮግራም) የሠራሽው ጋላክሲ ከቴሌስኮፕ ፎቶ ይልቅ ከመጠን በላይ ጥርት ብሎ እንደወጣ ጽፈሻል። ኮድሽን አየሁት፤ የሰርሲክ ቅርጹ (የጋላክሲው ብርሃን ከመሃል ወደ ዳር እንዴት እንደሚደበዝዝ የሚገልጸው ቀመር) ደህና ነው። የጎደለው አየሩ ነው።

ብርሃኑ እኛ ጋ ሲደርስ ከባቢ አየር ያንቀጠቅጠዋል፣ የቴሌስኮፑ መስተዋትም የራሱን ብዥታ ይጨምርበታል። ነጥብ የምታህል ኮከብ እንኳ ተድበስብሳ የምትታየው ለዚህ ነው። ስለዚህ የኮልሞጎሮቭ ወይም የሞፋት ብዥታ (ሁለቱም የብዥታ ቀመሮች ናቸው) ሥሪና ኮንቮልቭ በሚባለው፣ ምስሉን በብዥታው በሚያደበዝዘው ትእዛዝ ከጋላክሲው ጋር አዋህጂው። ለመነሻ የብዥታውን ስፋት 0.7 አርክሰከንድ (አርክሰከንድ የአንድ ዲግሪ 3600ኛ ክፍል ነው) አድርጊው፤ ለቴሌስኮፕ ጥሩ በሆነ ተራራ ላይ የሚገኝ ብዥታ ነው። ኖይዝ (ምስሉ ላይ የሚታየው የዘፈቀደ ነጠብጣብ) የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ካሜራው ላይ የሚፈጠር ስለሆነ ቀድመሽ ካስገባሽው ብዥታው ያለሰልሰዋል። ፒክስሉ (የካሜራው አንድ ነጥብ) የሚያመጣውን ብዥታ ግን ራስሽ አትጨምሪ! የመሳያው ትእዛዝ በራሱ ያስገባዋል፣ አንቺም ከጨመርሽው ሁለት ጊዜ ይቆጠርብሻል።

«የውሸት ምስል ምን ይጠቅማል?» ላልሽው፦ በጣም ይጠቅማል። የስበት ሌንስ (በመንገድ ላይ ያለ ግዙፍ ቁስ በስበቱ ብርሃንን ማጠፉ) የጋላክሲን ቅርጽ የሚያዛባው ብዙ ጊዜ በ1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። መለኪያሽ ያንን በትክክል መያዙን የምታውቂው መልሱን አስቀድመሽ ራስሽ ባስገባሽበት ምስል ነው። ከአራት ኪሎ ቀና ብለን እንጦጦን በደመና ተሸፍኖ በምናይበት በዚህ ክረምት፣ እዚያ ያሉት ሁለቱ ባለ 1 ሜትር ቴሌስኮፖች ሰማይ እስኪገለጥላቸው ድረስ በእንዲህ ዓይነት ምስል ብዙ መማር ትችያለሽ።

ላፕቶፕሽ ደካማ መሆኑ አያሳስብሽ፤ 64 በ64 ፒክስል ለአንድ ጋላክሲ ይበቃል። አስተካክለሽ ምስሉን እዚሁ ለጥፊልኝ፣ አየዋለሁ።