ስታትስቲክስ ፈተና ሲቃረብ፦ ከደሴና ከኮምቦልቻ ተማሪዎች የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ለመግቢያ ስታትስቲክስ ፈተና የሚያጠኑ የደሴና የኮምቦልቻ ተማሪዎች ያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ተመሳሳዮቹ ተጣምረዋል። አብዛኛው መልስ የሚሠራው በአንድ ዳታ ነው። ከደሴ ኮምቦልቻ በሚኒባስ የተደረጉ 10 ጉዞዎች የፈጁትን ደቂቃ ያሳያል፤ ቁጥሮቹ ለመለማመጃ የተፈጠሩ ናቸው፦

45፣ 38፣ 90፣ 40፣ 45፣ 35፣ 50፣ 42፣ 45፣ 40

ከሆጤ፦ ጋሼ፣ ፈተናው ሦስት ቀን ቀረው። ቀመሩ ብዙ ነው፣ ከየት ልጀምር?

አብሽር፣ ማርክ የሚያስጥለው ቀመሩ አይደለም። በእንዲህ ያለ ፈተና ተማሪ የሚሳሳተው ቁጥሩን ሳይደረድር ሚዲያን (የመሀሉን ቁጥር) ሲፈልግ፣ ክላስ ባውንደሪ (እንደ 29.5 ያለ በሁለት ምድቦች መሀል ያለ ወሰን) በሚገባበት ቦታ ክላስ ሊሚት (በሠንጠረዡ የተጻፈውን 30) ሲያስገባ፣ በ9 ማካፈል ሲገባው በ10 ሲያካፍል ነው። ሀንድ አውቱን ሦስቴ ከማንበብ ከላይ ያለውን ዳታ ያለ ካልኩሌተር አንዴ ከዳር እስከ ዳር ሥራው።

መጀመሪያ ደርድር፦ 35፣ 38፣ 40፣ 40፣ 42፣ 45፣ 45፣ 45፣ 50፣ 90። ድምሩ 470 ነው፤ ለ10 ሲካፈል አማካዩ 47 ይሆናል። ቁጥሮቹ 10 ስለሆኑ ሚዲያኑ በ5ኛውና በ6ኛው መካከል ይውላል፦ (42 + 45) ÷ 2 = 43.5። ሳትደረድር ብታነሳቸው ግን 5ኛው 45፣ 6ኛው 35 ስለሆነ 40 ታገኛለህ። መልሱ ከእውነቱ ብዙ ስለማይርቅ ስህተት መሆኑ አያስታውቅም፤ አደገኛነቱም እዚያ ላይ ነው። ሞዱ ሦስት ጊዜ የመጣው 45 ነው። ሬንጁ 90 - 35 = 55።

ከፒያሳ፦ 90 ደቂቃዋን ስህተት ናት ብዬ ባወጣትስ?

በራስህ ሥልጣን አታውጣት። ሀረጎ ላይ መኪና ተበላሽቶ መንገድ ቢዘጋ 90 ደቂቃ የሚያስገርም አይደለም፤ እውነተኛ ልኬት ከሆነ ይቆያል። የሚወጣው የአጻጻፍ ወይም የአለካክ ስህተት መሆኑ ሲረጋገጥ ብቻ ነው። ፈተናው የሚጠይቅህ ውጤቷን ነው። እሷ ስትወጣ አማካዩ ከ47 ወደ 42.2 ይወርዳል፤ ሚዲያኑ ግን ከ43.5 ወደ 42 ብቻ ነው። አማካይ የእያንዳንዱን ቁጥር መጠን ይደምራል፣ ሚዲያን ቦታውን ብቻ ያያል፤ 90ዋ 900 ብትሆን እንኳ ሚዲያኑ ከ43.5 ንቅንቅ አይልም። ስለ ገቢና ስለ ቤት ኪራይ ሲወራ ሚዲያን የሚመረጠውም ለዚህ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ ቫሪያንስ ላይ አንዳንዱ ለ10 አካፍል ይላል፣ አንዳንዱ ለ9። የትኛው ነው ትክክል?

ሁለቱም ትክክል ናቸው፣ ጥያቄው የተለያየ ነው። ቫሪያንስ ቁጥሮቹ ከአማካዩ ምን ያህል እንደተበተኑ ይለካል፤ ስሌቱን እንይ። ከእያንዳንዱ ቁጥር 47 ቀንስ፦ -12፣ -9፣ -7፣ -7፣ -5፣ -2፣ -2፣ -2፣ 3፣ 43። ከመቀጠልህ በፊት ደምራቸው፤ ዜሮ ካልመጣ አማካይህ ተሳስቷል ወይም አንድ ቦታ ቅነሳ ስተሃል ማለት ነው። አሥር ሴኮንድ የማይፈጅ ማረጋገጫ ሆኖ ሳለ የሚሠራው ተማሪ ጥቂት ነው። አሁን በካሬ አንሣቸው፦ 144፣ 81፣ 49፣ 49፣ 25፣ 4፣ 4፣ 4፣ 9፣ 1849። ድምሩ 2218።

አሥሩ ጉዞዎች ማወቅ የምትፈልገው ሁሉ ከሆኑ፣ ማለትም ፖፑሌሽን ከሆኑ፣ 2218 ÷ 10 = 221.8፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ (የቫሪያንሱ ስኩዌር ሩት) 14.89 ደቂቃ። ከብዙ ጉዞዎች መሀል የተወሰዱ ሳምፕል ከሆኑ ግን 2218 ÷ 9 = 246.44፤ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ 15.70 ደቂቃ። በጥያቄው ውስጥ «በናሙና የተወሰዱ» የሚል ቃል ፈልግ።

ለምን 9? 47 የተሰላው ከእነዚሁ ከአሥሩ ቁጥሮች ስለሆነ ከማንኛውም ሌላ ቁጥር ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል። እውነተኛው የሁሉም ጉዞዎች አማካይ 44 ወይም 50 ቢሆን የካሬዎቹ ድምር ከ2218 ይበልጥ ነበር። ስለዚህ ሳምፕል መበተኑን አሳንሶ ያሳያል፤ ለ9 ማካፈል ያንን ያካክሳል። በሌላ አነጋገር ልዩነቶቹ ዜሮ መደመር ስላለባቸው ዘጠኙን ካወቅህ አሥረኛው ነፃነት የለውም።

እጅህ ላይ አማካዩ ክፍልፋይ ሆኖ ሲያስቸግርህ አቋራጩን ተጠቀም፦ የቁጥሮቹን ካሬ ደምር (እዚህ 24308)፣ ከዚያ የድምሩን ካሬ ለብዛቱ አካፍለህ ቀንስ (470 × 470 ÷ 10 = 22090)። 24308 - 22090 = 2218። ያው ነው። በዚህ መንገድ አሉታዊ ቁጥር ከመጣብህ የቁጥሮቹን ካሬ ድምርና የድምሩን ካሬ አምታተሃል።

ከሸዋበር፦ ካልኩሌተሬ ሁለት መልስ ይሰጠኛል። አንዳንዴ ደግሞ ጭራሽ የማላውቀው ቁጥር ይመጣል።

ሁለቱ መልሶች ከላይ ያሉት 14.89 እና 15.70 ናቸው። እንደ ካሲዮ ኤፍኤክስ-82 ኤምኤስ ባሉ ሞዴሎች ላይ ሞድ 2 ተጭነሽ ቁጥሩን በኤም ፕላስ ታስገቢያለሽ፤ ሺፍት 2 ስትይ 1 አማካዩን፣ 2 በብዛቱ የተካፈለውን፣ 3 አንድ ተቀንሶ የተካፈለውን ይሰጣል። ለሳምፕል 3 ነው። የማታውቂው ቁጥር የሚመጣው የድሮ ዳታ ሳይጠፋ ስለሚቀር ነው። ከመጀመርሽ በፊት ሺፍት፣ ሞድ፣ 1፣ እኩል ይሆናል በይና አጥፊ። አስገብተሽ ስትጨርሺም መስኮቱ ላይ ያለው ብዛት 10 መሆኑን እይ፤ 11 ካለ አንዱን ሁለቴ ተጭነሻል።

ከጢጣ፦ ኳርታይል ስሠራ ከጓደኛዬ ጋር አልገጥም አልን። ማን ነው የተሳሳተው?

ምናልባት ማንም። ኳርታይሎች የተደረደረውን ዳታ ለአራት የሚከፍሉ ነጥቦች ናቸው፤ የሚገኙበት መንገድ ግን ይለያያል። አንደኛው መንገድ ቦታውን በ(ብዛት + 1) ÷ 4 ያገኛል፦ 11 ÷ 4 = 2.75። ስለዚህ ከ2ኛው (38) ወደ 3ኛው (40) ሦስት ሩብ መንገድ ተጉዘህ 39.5 ታገኛለህ። ሦስተኛው ኳርታይል በ8.25ኛ ቦታ ነው፦ 45 + 0.25 × 5 = 46.25። ሌላው መንገድ ዳታውን ለሁለት ከፍሎ የየግማሹን ሚዲያን ይወስዳል፦ 40 እና 45። ኢንተርኳርታይል ሬንጁ (የሦስተኛውና የአንደኛው ኳርታይል ልዩነት) በአንደኛው ዘዴ 6.75፣ በሌላው 5 ነው። መምህራችሁ ክፍል ውስጥ በሠራው ሂዱ፤ የራስህን ዘዴ ይዘህ ገብተህ አትከራከር።

አውትላየር (ከሌሎቹ በጣም የራቀ ቁጥር) ሲጠየቅ፣ አጥሩን ማለትም ወሰኑን ለማግኘት ከሦስተኛው ኳርታይል በላይ 1.5 እጥፍ ኢንተርኳርታይል ሬንጅ ይደመራል፦ 46.25 + 10.125 = 56.375። በሁለተኛው ዘዴ 45 + 7.5 = 52.5። በሁለቱም 90 ከአጥር ውጪ ናት። የታችኛውንም አጥር ማስላት አትርሳ፤ ማንም ባይወጣበትም ማርክ አለው።

ከኮምቦልቻ፦ የክላስ ብዛትና ስፋት ላይ ሁሌ የመጨረሻዋ ቁጥር ማደሪያ ታጣብኛለች።

ይህቺ ጥሩ ጥያቄ ናት። ስንት ክላስ (የውጤት ምድብ) እንደሚያስፈልግ ለመገመት ስተርጅስ እ.ኤ.አ. በ1926 ያቀረበው ቀመር 1 + 3.322 × ሎግ (ብዛት) ነው። ለ40 ተማሪዎች፦ 1 + 3.322 × 1.602 = 6.32። 6ም 7ም መውሰድ ይቻላል፤ ቀመሩ መነሻ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ውጤቶቹ ከ10 እስከ 59 ከሆኑ ሬንጁ 49 ነው። 7 ክላስ ብትወስድ 49 ÷ 7 = 7፣ ደስ ብሎህ ስፋቱን 7 ትላለህ፦ 10–16፣ 17–23፣ 24–30፣ 31–37፣ 38–44፣ 45–51፣ 52–58። 59 ውጪ አደረች! ከ10 እስከ 59 ያሉት ሙሉ ቁጥሮች 50 ናቸው፣ 49 አይደሉም። ክፍፍሉ ያለ ትርፍ ሲወጣ ስፋቱን ወደ 8 ከፍ አድርግ። 6 ክላስ ከወሰድክ 49 ÷ 6 = 8.17፤ ወደ ላይ አጠጋግተህ 9። 8.17 ብሎ ወደ 8 መውረድም ያው ችግር ያመጣል።

ከሆጤ፦ በክላስ የተመደበ ዳታ ሚዲያን ላይ ቀመሩን አውቀዋለሁ፣ መልሱ ግን ሁሌ በግማሽ ይዛነፋል።

በግማሽ ከተዛነፈ ባውንደሪ ነው ጉዳዩ። ይህን ሠንጠረዥ ውሰጂ፦ 10–19 ውስጥ 4 ተማሪ፣ 20–29 ውስጥ 9፣ 30–39 ውስጥ 14፣ 40–49 ውስጥ 8፣ 50–59 ውስጥ 5፤ በድምሩ 40። የ40 ግማሽ 20 ነው። ድምር ፍሪኩዌንሲው 4፣ 13፣ 27 እያለ ይሄዳል፤ 20ኛው የሚገኘው 30–39 ውስጥ ነው። የዚህ ክላስ መነሻ 30 ሳይሆን 29.5 ነው፤ በ29 እና በ30 መካከል ያለው ክፍተት ለሁለት ይካፈላል። ከዚያ 29.5 + (20 - 13) ÷ 14 × 10 = 34.5። 30 ብትጀምሪ 35 ይመጣል፤ ያቺ ናት ግማሿ።

የሚቀነሰው 13 ከክላሱ በፊት ያለው ድምር ነው፣ 27 አይደለም። የሚካፈለውም ለክላሱ ለራሱ ፍሪኩዌንሲ ለ14 ነው። ስፋቱ ደግሞ 39 - 30 = 9 ሳይሆን 39.5 - 29.5 = 10። አማካዩ በመሀል ነጥቦች (14.5፣ 24.5፣ 34.5፣ 44.5፣ 54.5) ሲሠራ 1390 ÷ 40 = 34.75 ይወጣል። ሞዱ 29.5 + 5 ÷ (5 + 6) × 10፣ ወደ 34.05፤ 5 እና 6 የመጡት ከ14 - 9 እና ከ14 - 8 ነው። ሦስቱም እንዲህ ሲቀራረቡ ስርጭቱ ወደ አንድ ወገን ብዙ እንዳላጋደለ ታያለሽ።

ከፒያሳ፦ አማካይ ፍጥነት ለምን በቀጥታ አይደመርም? ከኮምቦልቻ ደሴ ስወጣ በ30፣ ስመለስ በ60 ብነዳ 45 አይሆንም?

አይሆንም። መንገዱን 24 ኪሎ ሜትር ብንለው ዳገቱ 48 ደቂቃ፣ ቁልቁለቱ 24 ደቂቃ ይወስዳል። 48 ኪሎ ሜትር በ72 ደቂቃ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ነው። በዝግታው ፍጥነት ላይ ብዙ ሰዓት ስለቆየህ እሱ ይጫናል። ርቀቱ እኩል ከሆነ ሃርሞኒክ ሚን ተጠቀም፦ 2 ÷ (1/30 + 1/60)። ጂፒኤም በዚሁ መንፈስ ክሬዲት የሚጫነው አማካይ ነው፦ ባለ 3 ክሬዲቱ 4፣ ባለ 4ቱ 3፣ ባለ 2ቱ 2 ቢሆን 28 ÷ 9 = 3.11።

ከጢጣ፦ ኖሚናል፣ ኦርዲናል፣ ኢንተርቫል፣ ሬሾ ይምታቱብኛል።

በቁጥሩ ምን መሥራት እንደሚቻል ጠይቅ። የመኪና ታርጋ ኮድ 1፣ 2፣ 3 መለያ ብቻ ነው፣ አማካዩ ትርጉም የለውም፦ ኖሚናል። ኤ፣ ቢ፣ ሲ ቅደም ተከተል አላቸው፣ ርቀታቸው ግን እኩል ነው አይባልም፦ ኦርዲናል። ኮምቦልቻ 24፣ ደሴ 12 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆኑ ልዩነቱ 12 ነው፤ ኮምቦልቻ እጥፍ ሞቀች ማለት ግን አይቻልም። በፋራናይት 75.2 እና 53.6 ይሆናሉ፣ እጥፉ ጠፋ፦ ኢንተርቫል። የዓመተ ምሕረት ቁጥርም እዚህ ይገባል። የጉዞ ደቂቃ ግን ዜሮው እውነተኛ ዜሮ ነው፦ ሬሾ። ኮኤፊሸንት ኦፍ ቫሪየሽን (ስታንዳርድ ዴቪየሽን ለአማካዩ ሲካፈል) የሚሰላው ለዚህ ዓይነቱ ብቻ ነው፤ ለሚኒባሳችን 15.70 ÷ 47፣ 33.4 ከመቶ።

ከሸዋበር፦ መምህሩ ለሁሉም 5 ማርክ ቢጨምር ስታንዳርድ ዴቪየሽኑ ስንት ይጨምራል?

ምንም። አማካዩ፣ ሚዲያኑና ሞዱ በ5 ይነሳሉ፣ በተማሪዎች መካከል ያለው ርቀት ግን አልተነካም። የሁሉም ውጤት በ1.1 ከተባዛ ስታንዳርድ ዴቪየሽኑም በ1.1፣ ቫሪያንሱ በ1.21 ይባዛል። ይህ ጥያቄ በምርጫ መልክ መምጣት ይወዳል።

ከኮምቦልቻ፦ አማካይ ከሚዲያን፣ ሚዲያን ከሞድ ከበለጠ ወደ ቀኝ ያጋደለ ነው ተብለናል። የእርስዎ ዳታ ግን ሞዱ ከሚዲያን በለጠ!

በደንብ አይተሻል። ያ አባባል ጉብታው አንድ ለሆነና ቁጥሩ ለበዛ ስርጭት የሚሠራ ልማድ ነው። በ10 ቁጥር ሞድ አይታመንም፤ አንዲት 45 ወደ 40 ብትቀየር ሞዱም አብሮ ይዞራል። በፒርሰን የማጋደል መለኪያ ሥሪው፦ 3 × (47 - 43.5) ÷ 15.70 = 0.67። አዎንታዊ ስለሆነ ጭራው ወደ ቀኝ፣ ወደ 90ዋ ነው። መልስሽን ሁለት አኃዝ ድረስ አጠጋጊ፤ ግን በመጨረሻ ላይ ብቻ እንጂ በየመሀሉ አይደለም።