ለመሄድ ለቸኮላችሁ ልጆቼ

ባለፈው ሰሞን ሦስት ወጣቶች ቤቴ መጥተው ነበር። ወንጌል ይዘው ቁጥሩ ጥቂት ወደሆነ ሕዝብ ሊሄዱ አስበዋል። «ጋሼ፣ ቋንቋውን በስንት ወር እንጨርሰዋለን?» አሉኝ። ዕድሜዬን የፈጀሁት በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ሥራ ነው። የዚያን ዕለት ግን የረባ መልስ አልሰጠኋቸውም። እነሱ ከሄዱ በኋላ ስለ ሴሪዎች ብነግራቸው ኖሮ ብዬ ተቆጨሁ። ስለዚህ ለእነሱም ለእናንተም ልጻፈው።

ሴሪዎች የሚኖሩት በሰሜን ምዕራብ ሜክሲኮ፣ በሶኖራ ግዛት፣ በረሃው ከባሕሩ በሚገናኝበት ዳርቻ ነው። ራሳቸውን ኮምካአክ ይላሉ። ሴሪ ሌሎች ያወጡላቸው ስም ነው። ዛሬ 1 ሺህ ያህል ናቸው። በ1930ዎቹ ግን (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ወደ 200 ገደማ ወርደው ነበር። ክሚኬ ኢቶም የሚሉት ቋንቋቸው፣ ዘመዱ ነው ተብሎ የተረጋገጠ ሌላ ቋንቋ የለውም።

በድሮ ኑሯቸው እርሻ አያውቁም ነበር፣ እህል ግን አላጡም። እህላቸው ከባሕር ውስጥ ነበር። ከቲቡሮን ደሴት ፊት ለፊት ባለው ጠባብ ባሕር ሥር ሣር ይበቅላል። በሚያዝያ ግድም ፍሬው ሲደርስ ሣሩ ተነቅሎ ይንሳፈፋል። ሴቶቹ ሰብስበው ያደርቁት፣ ይወቁት፣ ያበጥሩት፣ ይቆሉት፣ ፈጭተው ገንፎ ያደርጉት ነበር። ልክ እንደ እኛ ገብስ። ወሩ ራሱ በቋንቋቸው የሚጠራው በዚህ ፍሬ ነው። የባሕር ሣር ፍሬን እንደ እህል የበላ ሌላ ሕዝብ አይታወቅም። ሳይንስ ይህን በወጉ የመዘገበው በ1973 ነው።

ወንጌል ሊያደርሱላቸው የመጀመሪያዎቹ ጀስዊቶች የተባሉት የካቶሊክ ሚስዮናውያን ነበሩ። እኛ ከሱስንዮስ ዘመን የምናውቃቸው ማለት ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሴሪዎችን ሰብስበው መንደር ሊያሰፍሯቸው፣ ገበሬ ሊያደርጓቸው ሞከሩ። ዓሣ እየተከተለ የሚኖርን ሰው ማረሻ አስይዘው ክርስቲያን ሊያደርጉት ነው። ጥቂቶች ሰፈሩ። በ1750 ግን የስፔን ጦር መሬታቸውን ነጠቃቸው። እምቢ ሲሉ ወንዶቹን አስሮ ሴቶቹን እስከ ጓቲማላ ድረስ አጋዛቸው። ከዚያ በኋላ ለረጅም ዘመን በሴሪዎችና በነጮቹ መካከል የነበረው ጦርነት ነው። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል። መስቀሉን ይዘው የመጡት ከጦሩ ጋር አብረው ስለመጡ፣ ሕዝቡ አንዱን ከሌላው መለየት አልቻለም።

አሁን ወደ ጥያቄያችሁ ልምጣ። በ1951 የመጽሐፍ ቅዱስ ተርጓሚዎቹ ኤድዋርድ ሞዘርና ባለቤቱ ሜሪ ዴሴምቦኬ የምትባል የሴሪ መንደር ገቡ። ልጃቸውም እዚያው አደገች። አዲስ ኪዳን በክሚኬ ኢቶም የታተመው መቼ መሰላችሁ? በ1982። 31 ዓመት! ኤድዋርድ በ1976 አርፎ ስለነበር አላየውም። ሜሪ ቀጠለች። ከአማቿ ከስቲቨን ማርሌት ጋር ያዘጋጀችው ትልቅ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ2005 ወጣ። ያ የባሕር ሣር ነገር በ1973 ሲጻፍ ከጸሐፊዎቹ አንዷ እሷ ነበረች። ልብ በሉ፣ ይህቺ ሴት ከትርጉሙ ጎን ለጎን ሴቶቹ ምን እንደሚወቁ ቁጭ ብላ ስታይ ነበር። እኔ ይህንን ሥራ ፈትነት አልለውም። ስንዴና ገብስ የማያርስ ሕዝብ «የዕለት እንጀራ» የሚለውን የሚሰማው እንዴት ነው? መልሱ ያለው እዚያ ሴቶቹ እህሉን በሚወቁበት ቦታ ነው።

ሴሪዎቹ በትልቅ በዓል ፊታቸውን በቀለም ይቀባሉ። አንድ ዓይነት ትልቅ የባሕር ኤሊ ሲያገኙ አራት ቀን ይዘምሩለታል፣ ቀለም ቀብተው ወደ ባሕሩ ይመልሱታል። ዛሬ ብዙዎቹ ክርስቲያን ናቸው፣ በዓሎቻቸውም አሉ። ይህን የመሰለ ነገር ስታዩ ለመኮነን አትቸኩሉ። መጀመሪያ ቀለሙ ምን ማለት እንደሆነ ጠይቁ። ጠይቃችሁም ወዲያው አትፍረዱ። የትኛው ይቆይ፣ የትኛው ይቅር የሚለውን አምነው የተጠመቁት ራሳቸው መጽሐፉን በቋንቋቸው አንብበው ይምከሩበት።

ሌላም አለ። ሴሪዎች አንዳንድ ኤሊዎች ክረምቱን ባሕር ወለል ላይ ተቀብረው እንደሚያሳልፉ ያውቁ ነበር። ሌሎች አጥማጆች ይህን ደርሰውበት ጠላቂ እያሰማሩ በጥቂት ዓመት ኤሊውን ጨረሱት። ሰው አምኖ የነገራችሁን ሁሉ አትዘርግፉ። «ይህን ብጽፈው ይከፋችኋል?» ብላችሁ ጠይቁ፣ እሺ እስኪሏችሁም ጠብቁ።

እኔ ራሴ ስለቸኮልኩ ያፈርኩበት ቀን አለ። ወጣት ሳለሁ በሁለተኛው ዓመቴ አንድ ምዕራፍ ተርጉሜ ለመንደሩ ሽማግሌዎች አነበብኩ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ደስ አለኝ። ማታ ቡና ላይ ያከራዩኝ እናት «ልጄ፣ ቃሉ የኛ ነው፣ አነጋገሩ ግን የእንግዳ ነው» አሉኝ። ሽማግሌዎቹ የነቀነቁት እንግዳ ላለማሳፈር ነበር። በማግሥቱ ምዕራፉን አጥፌ አስቀመጥኩትና ደብተሬን ይዤ እሳቸው እህል ወደሚያበጥሩበት ሄድኩ። ያን ቀን የጻፍኩት 11 ቃል ብቻ ነው። ደብተሩ እስከ ዛሬ አለኝ፤ ስትመጡ አሳያችኋለሁ።