ጥያቄና መልስ፦ ከቤት ጀርባ ያለው ሜዳ፣ በቁራሽ የሚሸጠው መሬትና መጋዘኑ

በዚህ እትም የመለስናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ እንግሊዝ ከሚኖሩ አንባቢዎች የመጡ ናቸው። ስኮትላንድ፣ ዌልስና ሰሜን አየርላንድ የየራሳቸው ሕግ ስላላቸው እዚያ ያላችሁ መልሱን እንዳለ አትውሰዱት።

ጥያቄ፦ ቤታችንን ስንገዛ ከጀርባው ያለው የእርሻ ሜዳ ግሪን ቤልት ስለሆነ መቼም አይሠራበትም ብለውን ነበር። አሁን ግን 90 ቤት ሊሠራበት ማመልከቻ መግባቱን የሚገልጽ ደብዳቤ ከካውንስሉ ደረሰን። ጎረቤቶች ፊርማ እያሰባሰቡ ነው። በተከለለ መሬት ላይ ይህ እንዴት ይሆናል? ፊርማውስ ዋጋ አለው? (ከሃርትፎርድሺር)

መልስ፦ «መቼም አይሠራበትም» ያላችሁ ሰው ተሳስቷል። ግሪን ቤልት ከተሞች እየሰፉ ገጠሩን እንዳይውጡት የወጣ የፕላን መመሪያ ነው። መሬቱ ስላማረ ወይም ብርቅ እንስሳ ስላለበት የሚሰጥ ጥበቃ አይደለም። መመሪያው አምስት ዓላማዎችን ይዘረዝራል፦ ትልልቅ ከተሞች ያለ ገደብ እንዳይስፋፉ፣ ጎረቤታም ከተሞች እንዳይገጣጠሙ፣ ገጠሩ እንዳይወረር፣ የታሪካዊ ከተሞች ገጽታ እንዳይበላሽ፣ በከተማ ውስጥ ያለው ያረጀ መሬት ተመልሶ እንዲለማ። በመርሕ ደረጃ በግሪን ቤልት ላይ አዲስ ሰፈር መሥራት «ተገቢ ያልሆነ ልማት» ነው፤ የሚፈቀደውም «እጅግ ልዩ ሁኔታ» ሲኖር ብቻ ነው።

በዲሴምበር 2024 ብሔራዊው የፕላን መመሪያ ሲሻሻል ግን «ግሬይ ቤልት» የሚባል ነገር ገባ። ከአምስቱ ዓላማዎች ለሦስቱ፣ ማለትም ለከተማ መስፋፋት፣ ለመገጣጠምና ለታሪካዊ ከተሞች ጥበቃ፣ ጠንካራ አስተዋጽኦ የሌለው መሬት ሌላ ጥብቅ ጥበቃ ከሌለበት ግሬይ ቤልት ሊባል ይችላል። ይህ ከሆነ፣ የቤት እጥረቱ ከተረጋገጠ፣ ቦታው ለትራንስፖርትና ለአገልግሎት ከቀረበና አልሚው ተጨማሪ ግዴታዎችን ካሟላ ልማቱ «ተገቢ ያልሆነ» መባሉ ይቀራል። ልብ በሉ፣ «ገጠሩ እንዳይወረር» የሚለው ዓላማ ከሦስቱ ውስጥ የለም። ብዙ ሰው በተቃውሞ ደብዳቤው ላይ የሚጽፈው ግን እሱን ብቻ ነው፦ ሜዳው አረንጓዴ ነው፣ ልጆቻችን ይጫወቱበታል ይላል። ስሜቱ እውነት ነው፤ ዋናውን ክርክር ግን አይነካውም።

ስለዚህ ሥራውን ከሰነዱ ጀምሩ። በካውንስሉ ድረ ገጽ በማመልከቻው ቁጥር ግቡና የአልሚውን «ፕላኒንግ ስቴትመንት» አንብቡ፤ መሬቱ ግሬይ ቤልት የሆነበትን ምክንያት የሚያስረዳው እዚያ ነው። ከዚያ ካውንስሉ ራሱ ያስጠናውን «ግሪን ቤልት አሰስመንት» ፈልጉ። ጥናቱ አካባቢውን በቁራሽ በቁራሽ ከፍሎ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ እያንዳንዱ ቁራሽ ለየዓላማው ያለው አስተዋጽኦ ጠንካራ ይሁን ደካማ ይመዝናል። የእናንተ ሜዳ ያለበት ቁራሽ ሁለት ከተሞች እንዳይገጣጠሙ «ጠንካራ» አስተዋጽኦ አለው ከተባለ የቁራሹን ቁጥርና ገጹን ጠቅሳችሁ ጻፉ። አልሚው «ጥናቱ ያየው ሰፊውን ቁራሽ ነው፣ የእኔ ቦታ ትንሽ ናት» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ካርታ አውጡና በሁለቱ ከተሞች መካከል ዛሬ ስንት ሜትር እንዳለ፣ 90ው ቤት ከተሠራ በኋላ ስንት ሜትር እንደሚቀር ለኩ። እንዲህ ያለውን ቁጥር የካውንስሉ ባለሙያ በቀላሉ ሊያልፈው አይችልም።

ሁለተኛ፣ ካውንስሉ ለ5 ዓመት የሚበቃ የቤት መሥሪያ ቦታ ማሳየት ይችል እንደሆነ አጣሩ። ካልቻለ ሚዛኑ ወደ ፈቃድ ያጋድላል፤ ያንን አውቃችሁ ግቡ።

ስለ ፊርማው፦ አብዛኛው ካውንስል የፊርማ ዝርዝርን እንደ አንድ ተቃውሞ ነው የሚመዘግበው። ከአንድ ናሙና የተገለበጡ ደብዳቤዎችም ብዙ ክብደት የላቸውም። ሚዛን የሚደፋው የሰው ብዛት ሳይሆን በፕላን ሕግ የሚቆጠር ምክንያት ነው፦ የመንገድ ደኅንነት፣ ጎርፍ፣ የብርሃን መከለል፣ ድምፅ፣ የዱር ሕይወት፣ የቅርስ ጉዳይ። የቤታችሁ ዋጋ መውረድ፣ ከመስኮት የሚታየው ገጽታ መጥፋት፣ የአልሚው ጠባይ ወይም ትርፍ አይቆጠሩም። ትራፊክን በተመለከተ መመሪያው ከባድ ሚዛን አስቀምጧል፤ «መኪና ይበዛል» ማለት ብቻውን አይበቃም፣ ለደኅንነት አደገኛ መሆኑን ወይም ጫናው እጅግ ከባድ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። ሜዳው ላይ በክረምት ውኃ የሚያቁር ከሆነ ቀን ያለበት ፎቶ አንሱ፤ ከዚያ የአልሚው የጎርፍ ጥናት ያንን ጥግ «ደረቅ» ብሎት እንደሆነ አመሳክሩ። ጥናቱን የሠራው ባለሙያ ቦታውን ያየው ምናልባት በበጋ ነው፤ እናንተ ግን ዓመቱን ሙሉ ታዩታላችሁ።

የአስተያየት ጊዜው ቢያንስ 21 ቀን ነው። ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ዘግይቶ የደረሰም ብዙ ጊዜ ይታያል፣ ግን አትመኩበት። የአካባቢያችሁን ካውንስለር አነጋግሩና ጉዳዩ በባለሙያ ብቻ ከሚወሰን ወደ ኮሚቴ እንዲቀርብ ጠይቁ። በኮሚቴው ለመናገር አስቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ የሚሰጠው ጊዜም በአብዛኛው 3 ደቂቃ ነው። ፈቃድ ከተከለከለ አልሚው ይግባኝ ማለት ይችላል። ከተፈቀደ ግን ተቃዋሚ የይግባኝ መብት የለውም፤ የቀረው በ6 ሳምንት ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ነው፣ እሱም የሕግ ስህተት ካለ ብቻ፣ ወጪውም ብዙ ነው።

በዚህ ምክንያት በደብዳቤያችሁ መጨረሻ ላይ «ከተፈቀደ ደግሞ ይህ ይደረግልን» የሚል ክፍል ጨምሩ። ይህን ብዙዎች እንደ መሸነፍ ቆጥረው ይተዉታል፤ በእኛ እምነት ትልቁ የሚያመልጣቸው ዕድል ይህ ነው። ከግሪን ቤልት በሚወጣ መሬት ላይ አልሚው በአቅም የሚገዙና የሚከራዩ ቤቶችን ካውንስሉ ከሚጠይቀው 15 የመቶኛ ነጥብ ጨምሮ፣ እስከ 50 በመቶ ድረስ፣ እንዲሠራ መመሪያው ያዛል። የካውንስሉ መጠን 30 በመቶ ከሆነ 45 ይሆናል፤ 40 ከሆነ 50 ላይ ይቆማል። አልሚው «አያዋጣኝም» ብሎ ከዚያ ሊያሳንስ ከሞከረ ያዙት። ከእነዚያም ውስጥ የሶሻል ሬንት፣ ማለትም በጣም ዝቅ ባለ ኪራይ የሚሰጡ፣ ቤቶች እንዲበዙ ጠይቁ። ከወገኖቻችን ስንቱ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ በጊዜያዊ ማረፊያ አንድ ክፍል ውስጥ እንደሚኖር እናውቃለን፤ ሜዳው መሠራቱ ካልቀረ ለእነሱም ይድረስ።

ጥያቄ፦ አንድ ድርጅት ከለንደን ወጣ ብሎ ያለ ሜዳ በቁራሽ ከፋፍሎ እየሸጠ ነው። በጥቂት ዓመት ውስጥ የመኖሪያ ቤት ፈቃድ ያገኛል፣ ዋጋው ብዙ እጥፍ ይሆናል ይላሉ። ወንድሞችና እህቶች በዕቁብ ብር ሳይቀር እየገዙ ነው። ልግዛ? (ከለንደን)

መልስ፦ አይግዙ። ወንድሞችና እህቶችንም ይንገሯቸው።

ቁራሿ በስምዎ ላንድ ሬጂስትሪ በሚባለው የመንግሥት የመሬት መዝገብ ውስጥ ልትመዘገብ ትችላለች፤ ማታለያው ያለው እዚያ ላይ አይደለም። ከአንድ ሜዳ ብዙ ቁራሽ ለብዙ ባለቤት ከተሸጠ በኋላ መንገዱን፣ የውኃ መስመሩንና ማመልከቻውን በጋራ የሚመራ የለም፤ ቁም ነገር ያለው አልሚም እንዲህ የተበጣጠሰ መሬት አይገዛም። አንዳንድ ካውንስል ደግሞ እንዲህ ያለ ሽያጭ ሲያይ «አርቲክል 4» በሚባል ትእዛዝ አጥር ማጠርን እንኳ ያለ ፈቃድ ይከለክላል። ያኔ በእጅዎ የሚቀረው ማጠር የማይችሉት ሣር ነው።

ሻጩ «እኛው ፈቃዱን እናወጣለን፣ እኛው እንሸጥላችኋለን» ካለ ጉዳዩ የጋራ ኢንቨስትመንት ሊሆን ይችላል፤ ለዚያ ደግሞ የፋይናንስ ተቆጣጣሪው የኤፍሲኤ ፈቃድ ያስፈልጋል። የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2016 በእንዲህ ያለ የመሬት ሽያጭ ላይ ይህንኑ አጽንቷል። የድርጅቱን ስም በኤፍሲኤ መዝገብ ፈልጉ፤ ከሌለ ገንዘቡ ሲጠፋ የካሳ ፈንዱም አይደርስልዎትም። ከዚያ የካውንስሉን ሎካል ፕላን (የትኛው መሬት ለምን እንደሚውል የሚወስነውን የአካባቢ ፕላን) ካርታ ከፍተው ሜዳው ለቤት ተመድቦ እንደሆነ ይዩ። ይህ በነፃ ነው፣ ግማሽ ሰዓትም አይፈጅም።

ጥያቄ፦ ቤቴ ግሪን ቤልት ውስጥ ነው። ጓሮ ላይ ትንሽ የዕቃ ቤት ለመሥራት ፈቃድ ያስፈልገኛል? (ከኬንት)

መልስ፦ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ ግሪን ቤልት መሆኑ ብቻውን ያለ ፈቃድ የመሥራት መብትን አያነሳም። ከአጥሩ 2 ሜትር ውስጥ ከሆነ ከፍታው ከ2.5 ሜትር አይለፍ፤ መጀመሪያ ከተሠራው ቤት ውጪ ያለውን ግቢ ከግማሽ በላይ አይሸፍን፤ ሰው የሚያድርበት ቤትም አይሁን። ነገር ግን የቤትዎን የመጀመሪያ ፈቃድ ያንብቡ፤ አንዳንዱ ይህን መብት በግልጽ ይነሳል።

ጥያቄ፦ ሰበካ ጉባኤያችን ለቤተ ክርስቲያን የሚሆን መጋዘን አግኝቷል፤ አከራዩ በዚህ ወር ፈርሙ እያለ ነው። በኢንዱስትሪ ቦታ መቀደስ ይፈቀዳል? (ከበርሚንግሃም)

መልስ፦ ሊፈቀድ ይችላል፤ ግን አሁን አትፈርሙ፣ ወይም «ፈቃድ ከተገኘ ብቻ የሚጸና» የሚል ውል በሶሊሲተር አስጽፉ። መጋዘን በሕጉ ምድብ B8 ነው፤ የአምልኮ ቦታ ደግሞ F1 ነው። ከአንዱ ወደ ሌላው ለመለወጥ ሙሉ የፕላን ፈቃድ ያስፈልጋል። ዝም ብለው ገብተው «ማን ያየናል» የሚሉ አሉ። ካውንስሉ እርምጃ መውሰድ የማይችለው አገልግሎቱ 10 ዓመት ሳይቋረጥ ከቆየ በኋላ ነው፤ እስከዚያ አንድ የጎረቤት አቤቱታ ይበቃል፣ ኪራዩን ግን እስከ ውሉ መጨረሻ ትከፍላላችሁ።

እንቅፋቱ ብዙ ጊዜ ሦስት ነው። የመጀመሪያው የሥራ ቦታ መጥፋት ነው፦ መጋዘኑ ለንግድ ለረጅም ጊዜ ማስታወቂያ ወጥቶለት ተከራይ ማጣቱን የሚያሳይ ማስረጃ ከአከራዩ ጠይቁ። ሁለተኛው መኪና ማቆሚያ ነው። የተራ እሑድን የሰው ብዛትና የፋሲካን ወይም የጥምቀትን ለየብቻ ጻፉ፤ አንድ አማካይ ቁጥር ከሰጣችሁ ባለሙያው በትልቁ በዓል ጊዜ ምን እንደሚሆን ይጠይቃል፣ መልስም አይኖራችሁም። እሑድ ከሚዘጉ አጎራባች ድርጅቶች ቦታቸውን እንድትጠቀሙ የጽሑፍ ስምምነት ካገኛችሁ አያይዙት።

ሦስተኛው፣ ዋናው፣ ድምፅና ሰዓት ነው። የመጋዘን ግድግዳ ስስ ቆርቆሮ ነው፤ የከበሮን ዝቅተኛ ድምፅ አያግደውም። የድምፅ ባለሙያ ስትቀጥሩ በአቅራቢያው ካለው መኖሪያ ቤት አጠገብ በሌሊት እንዲለካ፣ ከበሮውም በትክክል እየተመታ እንዲለካ ንገሩት። በቀን የተለካ ለማኅሌት ምንም አይጠቅምም። ካውንስሉ ካልጠየቃችሁት ከጠዋት እስከ ምሽት ብቻ የሚል የሰዓት ገደብ ሊጥል ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ያንን ማስቀየር ሌላ ማመልከቻ ነው። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቅዳሴ የሚጀመርበትን ሰዓት፣ ሌሊት የሚታደርባቸውን በዓላት በቀን ዘርዝራችሁ፣ ሰንበት ትምህርት ቤቱን፣ ተዝካሩንና ሠርጉን ሁሉ በማመልከቻው ውስጥ ጻፉ። ከማስገባታችሁ በፊት የቅድመ ማመልከቻ ምክር ከካውንስሉ በክፍያ መጠየቅ ይቻላል። የእሳት መውጫና የሕንፃ ደንብ ፈቃድ ደግሞ ለብቻው የሚወጣ ነው፤ የፕላን ፈቃዱ እሱን አይተካም።