ሲሞቅ አልነሣ የሚል ቮልስ

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. በ1972 የተሠራች ባለ 12 ቮልት ቮልስዋገን አለችኝ። ጠዋት ያለ ችግር ትነሣለች፤ ከቦሌ መርካቶ ደርሼ ጥቂት አቁሜ ቁልፉን ስጠመዝዝ ግን ከኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ብቻ ይሰማል፣ ሞተሪኖው አይዞርም። ካስገፋኋት ወይም እስክትቀዘቅዝ ከጠበቅሁ ትነሣለች። ባትሪውን ቀየርሁ፣ ለውጥ የለም፤ አሁን ደግሞ ሞተሪኖ እንድገዛ ተመክሬአለሁ። ምን ይሻለኛል?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ ሞተሪኖ ለመግዛት አይቸኩሉ። የገለጹት ምልክት በአሮጌ ቮልሶች ላይ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከቁልፉ ወደ ሞተሪኖው በሚሄደው ቀጭን ሽቦ ላይ ከሚባክነው ኃይል ነው። በዚህች መኪና ባትሪው ከኋላ ወንበር ሥር፣ ሞተሪኖውም ከካምቢዮው ጎን፣ አንዱ ለሌላው ቅርብ ሆነው ሳለ፣ ሶሌኖይዱን (በሞተሪኖው ላይ ያለውን፣ ሞተሪኖውን ወደ ሥራ የሚያስገባውን የኤሌክትሪክ ማግኔት) የሚስበው ኤሌክትሪክ ግን እስከ መሪው ድረስ ሄዶ፣ በቁልፉ ውስጥ አልፎ፣ መኪናዋን አቋርጦ ወደ ኋላ ይመለሳል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያገለገለ መገናኛ ሁሉ በየመንገዱ ጥቂት ጥቂት ቮልት ያስቀራል። የመዳብ ተቃውሞ ደግሞ ሙቀቱ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር በ0.4 ከመቶ ገደማ ስለሚያድግ፣ ለሞተሩ ሙቀት የተጋለጠው ሶሌኖይድ ከጠዋቱ ይልቅ በ60 ዲግሪ ቢጨምር የጥቅልሉ ተቃውሞ በሩብ ያህል ጨምሮ የመሳብ ጉልበቱ ይደክማል። ጠዋት የሚበቃው ቮልት ከቀትር በኋላ የማይበቃው በዚህ ምክንያት ነው።

ግምቱን በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ያረጋግጡ። ማርሹን ነጻ አድርገው የእጅ ፍሬኑን ከያዙ በኋላ፣ መኪናዋ ሞቃ አልነሣ ስትል፣ ሌላ ሰው ቁልፉን ሲጠመዝዝ በሶሌኖይዱ ላይ 50 ቁጥር በተጻፈበት ጫፍና በሞተሪኖው አካል መካከል ይለኩ። ባትሪው 12 ቮልት ገደማ እያሳየ እዚያ 8 ወይም 9 ብቻ ከደረሰ፣ ጥፋቱ በሽቦው መንገድ ላይ ነው። እንዲሁም ቁልፉ እንደተጠመዘዘ ከባትሪው ኔጋቲቭ እስከ ካምቢዮው አካል ይለኩ፤ ከግማሽ ቮልት በላይ ካነበበ ካምቢዮውን ከመኪናዋ አካል ጋር የሚያገናኘው ጥልፍ ገመድ ዝጓል ወይም ላልቷል፤ እርሱን ማጽዳት ወይም መቀየር ይቀድማል።

ጥፋቱ የሽቦው መንገድ ከሆነ መፍትሔው ርካሽ ነው፦ ከሞተሪኖው አጠገብ አንድ ሪሌይ (በትንሽ ኤሌክትሪክ ትልቁን የሚከፍትና የሚዘጋ ማብሪያ) ያስገጥሙ። በሪሌዩ ጫፎች ላይ በተጻፉት ቁጥሮች መሠረት የቁልፉ ሽቦ ወደ 86 ይገባል፣ 85 ከአካል ጋር ይታሰራል፣ ከባትሪው በፊውዝ የመጣ ወፍራም ሽቦ በ30 ገብቶ በ87 በኩል ወደ ሶሌኖይዱ 50 ያልፋል። ቁልፉም ከከባድ ሸክም ስለሚገላገል ዕድሜው ይረዝማል። በ50 ላይ በቂ ቮልት እያለ ሞተሪኖው ካልዞረ ግን መካሪዎችዎ ትክክል ናቸው፤ ያን ጊዜም ቢሆን የሞተሪኖው ዘንግ በካምቢዮው ቤት ውስጥ የሚሽከረከርበት የነሐስ ቡሽ (ቀለበት) ተበልቶ እንደሆነ አብረው ያስመርምሩ፤ ቡሹ ካልተቀየረ አዲሱም ሞተሪኖ ይቸገራልና።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ፦ አዲሱ ባትሪ ከቀድሞው ከፍ ያለ ከሆነ፣ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ የብረት ስፕሪንግ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ ስለዚህ የባትሪው ክዳን በቦታው መኖሩን ዛሬውኑ ይመልከቱ።