ጥያቄና መልስ፦ የበረዶው ሰው ዳሪዮ ኮሎኛ

ባለፈው ስለ ስዊዘርላንዳዊው የስኪ ተወዳዳሪ ዳሪዮ ኮሎኛ አንዲት መስመር ጣል አድርጌ ነበር። ጥያቄው ጎረፈ። የተደጋገሙትን እነሆ። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ሰውየው ማነው? ስንት ወርቅ አለው?

በ1986 ቫል ሙስታይር በሚባል፣ ጣሊያን ድንበር ጥግ ባለ ሸለቆ ተወለደ። የኦሊምፒክ ወርቁ አራት ነው፦ ቫንኩቨር 2010 አንድ፣ ሶቺ 2014 ሁለት፣ ፒዮንግቻንግ 2018 አንድ። ከእሱ በፊት ስዊዘርላንድ በአገር አቋራጭ ስኪ የኦሊምፒክ ወርቅ አልነበራትም። በ2022 ስኪውን ሰቀለ።

አገር አቋራጭ ሲባል እንደኛው የጃንሜዳ ሩጫ ነው?

ድካሙ ያው ነው። ቁልቁል መንሸራተት ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ዳገቱ ነው ሰው የሚለየው። ቱር ደ ስኪ የሚባል ብዙ ቀን የሚፈጅ ውድድር አለ። መጨረሻው ጣሊያን ውስጥ አልፔ ቸርሚስ ላይ ነው። ሌላው ሰው በስኪ የሚወርድበትን ተዳፋት እነሱ በስኪ ይወጡታል! ሲጨርሱ በረዶው ላይ ዝርግት ይላሉ። ኮሎኛ ይህን አራት ጊዜ አሸንፏል።

የዓለም ዋንጫው ሦስት ነው አራት?

አራት። ይህ በአንድ ቀን የሚያልቅ አይደለም፤ በወቅቱ ውድድሮች ሁሉ ብዙ ነጥብ የሰበሰበ ይወስደዋል። የ2009፣ የ2011 እና የ2012ቱን በረዶ ላይ ወሰደ። የ2015ቱን ግን ያሸነፈው ኖርዌያዊው ማርቲን ዮንስሩድ ሰንድቢ ነበር። የአስም መድኃኒት ከተፈቀደው መጠን በላይ ተጠቅሟል ተብሎ በ2016 ተነጠቀና ለኮሎኛ ተላለፈ። እንዲህ ያለ ዋንጫ ደስ ይል ይሆን? እኔ እንጃ።

ሐበሻ ከሱ ጋር ተወዳድሮ ያውቃል?

ይቺን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። አዎ! የካቲት 2010፣ የቫንኩቨር ኦሊምፒክ ስኪ በተካሄደበት ዊስለር፣ 15 ኪሎ ሜትር። ተወዳዳሪዎቹ በየ30 ሰከንዱ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ኮሎኛ በ33 ደቂቃ ከ36 ሰከንድ ገብቶ የመጀመሪያ ወርቁን ወሰደ። የውጤቱን ዝርዝር ወደ ታች ስትወርዱ፣ ከግርጌው አካባቢ ሮቤል ተክለማርያምን ታገኙታላችሁ። ሮቤል በ2006 ቱሪን ላይ ኢትዮጵያን በክረምት ኦሊምፒክ የወከለ የመጀመሪያው ሰው ነው። ግርጌም ቢሆን እኔ ኮራሁበት።

አንተ ግን ምኑን ወደድክለት?

ሶቺን። ኅዳር 2013 የቁርጭምጭሚቱ ጅማት ተበጥሶ ኦፕራሲዮን ሆነ። ከሦስት ወር ገደማ በኋላ ሁለት ወርቅ አጠለቀ። እሱም ይቅር። የ15 ኪሎ ሜትሩን ክላሲክ (ስኪዎቹን ትይዩ አድርገው በተሰመረ ቦይ የሚሄዱበትን ስልት) ካሸነፈ በኋላ ሄዶ መሞቅ ሲችል መጨረሻው መስመር ላይ ቆሞ ቀረ። የመጨረሻውን ሰው ነበር የሚጠብቀው። ፔሩያዊው ሮቤርቶ ካርሴሌን፣ ጎድኑ ተሰብሮ፣ ከኮሎኛ በ28 ደቂቃ ገደማ የዘገየ ሰዓት አስመዝግቦ፣ ባንዲራውን ይዞ እየተንገታገተ ገባ። ኮሎኛ ጠጋ ብሎ እጁን ጨበጠው።