ኢሲጂው ደህና ከሆነ ሞኒተሩ ለምን?

እህቴ፣ አባትሽን እግዜር ይማርልሽ። «ደረታቸውን አሟቸው ገቡ፣ ኢሲጂው ደህና ነው ተባልን፤ ታዲያ ለምን ሞኒተር ላይ ይውላሉ? መድኃኒቱስ ለምን በዛ?» ብለሻል። የልብ ክፍል ነርስ ነኝ፤ ይህን ጥያቄ ደጋግሜ እሰማለሁ።

ኢሲጂ፣ የልብን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ምርመራ፣ የአንድ ቅጽበት ፎቶ ነው። ታማሚው በገባ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂው መነሳት አለበት፤ ግን የልብ ደም ቧንቧው በከፊል የተዘጋ ከሆነ ንጹህ ሊመስል ይችላል። ስለዚህ ይደገማል። በደም የሚለካው ትሮፖኒንም (ልብ ሲጎዳ ወደ ደም የሚወጣ ፕሮቲን) ቀስ ብሎ ስለሚወጣ ከሰዓታት በኋላ እንደገና ይታያል።

የሞኒተሩ ሥራ ሌላ ነው፤ ምቱን ይጠብቃል። የተጎዳ ልብ ድንገት ምቱ ተዘበራርቆ ዝም ብሎ ሊርገበገብ ይችላል። ያኔ ደም አይረጭም፣ ሰውየው በሰከንዶች ውስጥ ራሱን ይስታል። በኤሌክትሪክ ምቱን መመለስ የሚቻለው ቶሎ ከታየ ነው። ብቻቸውን ሽንት ቤት እንዳይሄዱ የሚከለከሉትም ለዚሁ ነው። አላርሙ ቶሎ ቶሎ የሚጮኸው ግን ብዙ ጊዜ ደረታቸው ላይ የተለጠፈው የሞኒተሩ ማጣበቂያ በላብ ስለሚላቀቅ ነው። ነርሷ ሳትሮጥ ብትመጣ አትቀየሚያት። ድምፁን ግን ራስሽ እንዳታጠፊው፣ በናትሽ።

ወደ መድኃኒቱ። አስፕሪን የሚታኘከው ቶሎ እንዲሠራ ነው። እሱና ክሎፒዶግሬል ፕሌትሌቶች (ደም የሚያረጉ ጥቃቅን የደም ክፍሎች) እንዳይጣበቁ ያደርጋሉ፤ ሆዳቸው ላይ የሚወጉት ደም ማቅጠኛ ደግሞ የረጋው ደም እንዳይገዝፍ ያግዛል። ሦስቱ ሲደራረቡ ደም መፍሰስ ሊመጣ ስለሚችል፣ ድዳቸው ከደማ ወይም ሰገራቸው ከጠቆረ ወዲያው ተናገሪ። ኮሌስትሮል የሚቀንሰው አቶርቫስታቲን ኮሌስትሮላቸው ደህና ቢሆንም ይሰጣል። ኦክስጅን ግን በደማቸው ያለው ከ90 በመቶ በታች ካልወረደ ብዙም አያስፈልግም።

ምላስ ሥር የምትደረገው ናይትሮግሊሰሪን ላይ ትንሽ ልቆይ። የደም ግፊት ታወርዳለች፤ የላይኛው ቁጥር ከ90 በታች ከሆነ አትሰጥም። ባለፉት 24 ሰዓታት ቫያግራ የወሰደ ሰው ላይ ደግሞ ግፊቱን ክፉኛ ልትጥለው ትችላለች። አባቶች ይህን በልጅ ፊት አያወሩም። ሐኪሙ ሲጠይቃቸው ሰበብ ፈልገሽ ውጪላቸው።

ሌላው፣ ሞኒተሩ ሕመም አያይም። ስክሪኑ ጸጥ እንዳለ ደረታቸውን እንደገና ከጨመደዳቸው፣ ወይም መንጋጋቸውንና ክንዳቸውን ካመማቸው፣ ዋጥ አድርገው ዝም እንዳይሉ። ኢሲጂው የሚደገመው ያኔ ነው፤ ሕመሙ በመድኃኒት አልመለስ ካለም ቧንቧውን ለመክፈት በአስቸኳይ ሊወሰዱ ይችላሉ። የጀመረበትን ሰዓት ስልክሽ ላይ ጻፊው፤ መጀመሪያ ከሚጠይቁሽ ነገሮች አንዱ እሱ ነው።