«ሠራዊቱን ችያለሁ፤ ብስክሌቱን ግን አልቻልኩም»

ጥያቄ፦ የምንኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለቤቴ በአሜሪካ ጦር ሠራዊት የሻምበልነት ማዕረግ ያላት ሐኪም ስትሆን፣ ዋና፣ ብስክሌትና ሩጫ በተከታታይ የሚካሄዱበትን ትራያትሎን የተባለ ስፖርት ከጀመረች ወዲህ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ተረኛ ካልሆነች ጎህ ሳይቀድ ለዋና ትወጣለች፤ ቅዳሜን በብስክሌት ታሳልፋለች፤ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ደግሞ ከቤዝመንት የቋሚ ብስክሌቷ ድምፅ ይሰማኛል። አሁን አይረንማን ለሚባለው ረጅም የትራያትሎን ውድድር፣ ያውም ለሙሉው ርቀት፣ ልመዘገብ ነው ትላለች። ልትጠይቀን ከአዲስ አበባ የመጣችው እናቴም «የልጆቹ እናት ማን ናት?» እያለች ታሽሟጥጣለች። ሠራዊቱን ችያለሁ፤ ብስክሌቱን ግን አልቻልኩም። ልከልክላት ወይስ ዝም ልበል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂ፣ «ሠራዊቱን ችያለሁ» ያሉት ላይ ትንሽ ልቆይ። የተረኝነት ድልድሉ፣ በየጥቂት ዓመቱ የሚመጣው ዝውውርና የግዳጅ ትእዛዙ እርስዎንም እሷንም አያማክሩም፤ በዚያ ምክንያት የተጠራቀመው ቅሬታ መውጫ ስለሌለው «ተይው» ሊባል በሚችለው ብቸኛ ነገር፣ በብስክሌቱ ላይ ያርፋል። ባለቤትዎም ብስክሌቱን የምትወደው በዚሁ ምክንያት ይመስለኛል፤ መቼ እንደምትነቃና የት እንደምትኖር ሌሎች በሚወስኑበት ሕይወት ውስጥ የልምምድ ዕቅዷን ያወጣችው ራሷ ናት። ቢከለክሏት እንደ ሌላ ትእዛዝ ትሰማዋለች፤ ዝም ቢሉ ደግሞ ቅሬታዎ በሌላ መንገድ፣ ምናልባትም በልጆቹ ፊት፣ መውጣቱ አይቀርም።

ሸክሙ ግን እውነተኛ ነው። በሙሉው አይረንማን 3.8 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 42.2 ኪሎ ሜትር ሩጫ በተከታታይ ስለሚከናወኑ፣ የመጨረሻዎቹ ወራት ዝግጅት በሳምንት ከ10 ሰዓት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ ያ ሰዓት ደግሞ የሚቀነሰው ከሆስፒታሉ ሳይሆን ከእንቅልፏና ከእርስዎ ነው። (ውድድሩ እ.ኤ.አ. በ1978 በሃዋይ የተጀመረው በባሕር ኃይል መኮንኑ በጆን ኮሊንስና በባለቤቱ በጁዲ ሐሳብ ነበር፤ ባልና ሚስት የጠነሰሱት ነገር መሆኑን ልብ ይሏል።)

የምዝገባው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት፣ ከአዳር በተመለሰችበት ቀን ሳይሆን በቂ እንቅልፍ ባገኘችበት ቀን፣ የተረኝነት ድልድሏንና የልምምድ ዕቅዷን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ተነጋገሩ። ዘንድሮ ግማሹ ርቀት፣ ማለትም 1.9፣ 90 እና 21.1 ኪሎ ሜትር፣ ይበቃት እንደሆነ ይጠይቋት፤ ሙሉውን ከመረጠች በዓመቱ ሌላ ረጅም ውድድር እንዳይጨመር ተስማሙ። በዚያው ወረቀት ላይ የእርስዎም ሰዓት ይጻፍ። በደብዳቤዎ ስለ ባለቤትዎ፣ ስለ ልጆቹና ስለ እናትዎ አነበብኩ፤ ለራስዎ የሚያደርጉት አንድም ነገር ግን አላየሁም፤ የምሬትዎ ከፊሉ ከዚህ የመጣ ሊሆን ይችላል።

ለድርድር የማይቀርብ ነገር ቢኖር ከአዳር ተረኝነት በኋላ ሳይተኙ በመኪና መንገድ ላይ ብስክሌት መንዳት ነው፤ እንቅልፍ ያጣ ሰው ንቃቱ ምን ያህል እንደሚቀንስ ለሐኪም አይነገርም። ታምማ ወይም ተጎድታ ልምምዷን ካላቆመች፣ ወይም ታካሚ በሞተባት ቀን ከማንም ጋር ሳታወራ በቀጥታ ወደ ቤዝመንት የምትወርድ ከሆነ፣ ጉዳዩ የጊዜ ሽሚያ ብቻ አይደለም፤ ለሠራዊቱ አባላትና ለቤተሰቦቻቸው በነጻ ምክር የሚሰጠውን ሚሊታሪ ዋንሶርስ አብራችሁ አነጋግሩ።

እናትዎን በተመለከተ፣ ንግግራቸው ለልጅ ልጆቻቸው ከማሰብ የመጣ ቢሆንም መልሱን ለምራታቸው አይተዉ። ውሳኔው የሁለታችሁ መሆኑን በአክብሮት የሚነግሯቸው እርስዎ ነዎት፤ ይህንንም ከባለቤትዎ ጋር ከተስማማችሁ በኋላ ያድርጉት።